የሰንደል እንጨትና የኮኮናት ሽቶ ስሰራ የያዝኩት ማስታወሻ፣ ከየካቲት እስከ ሐምሌ

1ኛ ሳምንት፣ የካቲት

ሀሳቡ የመጣው ከጾም ማኪያቶ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ወተቱን በኮኮናት ወተት ቀይሬ እየጠጣሁ አንገቴ ላይ የሰንደል እንጨት ጠረን የያዘ ሻርፕ ነበር፣ ሁለቱ አንድ ላይ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገቡ ወተት ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ከላይ የሚይዘው ስልባቦት አለ አይደል፣ እሱን የመሰለ ነገር ሆነ፣ ለስላሳ፣ ግን ኬክ ኬክ የማይል። በቃ ያንን ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት ነው የምፈልገው። ሱቅ ያሉትን ስሞክር ወይ ኮኮናቱ ይበዛል ወይ እንጨቱ ደርቆ እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተውን ይሸታል። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው፣ የምሰራው ማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ያውም በእረፍት ቀኔ ብቻ፣ ሥራ ቦታ ሽቶ ተቀብቶ መግባት አይፈቀድም።

የመጀመሪያው ስህተት በመጀመሪያው ቀን መጣ። ኮኮናት ስፈልግ የኮኮናት ዘይት ገዛሁ፣ ያልተጣራውን፣ ጥሩ የሚያውደውን፣ 9 ዶላር። 95 ፐርሰንት አልኮል ውስጥ ጨመርኩት። ስነቀንቀው እንደ ወተት ነጣ፣ ትንሽ ሳስቀምጠው ግን ዘይቱ ታች ወረደ አልኮሉ ላይ ቀረ። ማታ መስኮት አጠገብ ትቼው አደርኩ፣ ጠዋት ሳየው ዘይቱ ጠርሙሱ ቂጥ ላይ ነጭ ሆኖ ረግቷል። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል፣ እዚህ ደግሞ የካቲት ነው። ከዛ አልኮሉን ብቻ ቀድቼ እጄ ላይ ረጨሁት፣ ምንም የለም፣ አልኮል ብቻ።

ቀኑን ሙሉ ሳነብ ዋልኩ። ሽቶ ውስጥ ኮኮናት ብለን የምናውቀው ጠረን በአብዛኛው ከኮኮናቱ አይወጣም፣ ጋማ ኖናላክቶን የሚባል ሞለኪውል ነው። ሻጮቹ አልዲሃይድ ሲ-18 ይሉታል፣ ስሙ ግን የድሮ ነው፣ አልዲሃይድም አይደለም፣ ካርቦኑም 18 ሳይሆን 9 ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው ሁለቱን ስም አይቶ ሁለት ጊዜ ሊገዛ ይችላል፣ ስለዚ ጻፍኩት።

2ኛ ሳምንት

እቃው ደረሰ። ያወጣሁትን ልጻፈው፦ የሰንደል ዘይት 5 ሚሊ 38 ዶላር፣ ጋማ ኖናላክቶን 11፣ ዴልታ ዴካላክቶን 9፣ ኢሶ ኢ ሱፐር (ለስላሳ የእንጨት ጠረን) 10፣ ሄዲዮን (ቀለል ያለ የጃስሚን ጠረን) 9፣ ኢቲሊን ብራሲሌት (ለስላሳ የመስክ ጠረን) 10፣ ጃቫኖል በ10 ፐርሰንት የተበረዘ 14፣ ኢባኖል 12፣ ቫኒሊን (የቫኒላ ጠረን) 7፣ የሽቶ አልኮል ግማሽ ሊትር 24፣ ጠብታ መጣያ ፒፔትና ትንንሽ ጠርሙሶች 16፣ መሞከሪያ ወረቀት 6። ድምሩ 166 ዶላር። ለአንድ ሽቶ ብዙ ነው፣ ግን ከሰንደሉ በቀር ሌላው ለብዙ ሙከራ ይበቃል።

ሰንደሉ ለምን እንደሚወደድ ልበል። ዛፉ ብቻውን አያድግም፣ ሥሩን ጎረቤት ተክል ሥር ላይ ሰክቶ ነው ምግቡን የሚወስደው፣ ዘይቱ ያለው ደግሞ ልበ እንጨቱና ሥሩ ውስጥ ነው፣ እሱም እስኪይዝ አስራ ምናምን ዓመት፣ ጥሩው ከዛም በላይ ይፈጃል። ስመ ጥሩው የህንዱ ማይሶር ነው፣ እዛ የመንግስት የሰንደል ዘይት ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። ዛፉ ከመጠን በላይ ተቆርጦ ስለተመናመነ አሁን ያው የህንዱ ዝርያ ምዕራብ አውስትራሊያ ኩኑኑራ አካባቢ በእርሻ ይተከላል፣ እኔ የገዛሁት የእርሻውን ነው። አውስትራሊያ የራሷ ሌላ ዝርያም አላት፣ እሱ ደረቅ ይላል፣ ሙጫ ሙጫ ይላል፣ ለኔ ስልባቦት አይሆንም።

ወረቀት ላይ ነክሬ ሰንደሉን ሳሸተው መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ምንም የሌለ መስሎኝ። ዝም ይላል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ነው የሚወጣው፣ መጀመሪያ ትንሽ ጎምዘዝ ያለ፣ ልክ ለጋ ቅቤ ሲመጣ ያለው አይነት፣ ከዛ እየሞቀ እየለሰለሰ ይሄዳል። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ወረቀቱ ላይ ነበር።

ዴልታ ዴካላክቶን ግን ሌላ ነገር ነው። ጠርሙሱን ስከፍት አይኔን ጨፈንኩ። ቅቤ ነው! የእውነት ቅቤ ውስጥም ያለ ሞለኪውል ነው፣ ቅቤን ቅቤ ከሚያሰኙት አንዱ። ሁዳዴ ላይ ሆኜ ይሄን ማሽተት ከባድ ነበር።

እማዬ በቪዲዮ ደወለችና ምን እየሰራሽ ነው አለችኝ፣ ሰንደል እያሸተትኩ አልኳት። "እሱን ብለሽ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ብር ያወጣሽው ልጄ፣ እዚህ ሱቅ ሞልቶ የለ፣ አንድ እሽግ እልክልሻለሁ።" ልክ ናት፣ እኛ ጋ ሰንደል ማለት የሚጨሰው ቀጭኑ ዘንግ ነው፣ ስሙን ከእንጨቱ ወሰደ እንጂ ብዙው ውስጡ እንጨቱ የለም። ለዛ ነው እዚህም ጽሁፍ ላይ የሰንደል እንጨት እያልኩ የማስረዝመው።

3ኛ ሳምንት፣ ቨርዥን 1

በጠብታ ሰራሁት። ሰንደል 20፣ ጋማ ኖናላክቶን 10፣ ቫኒሊን ቁንጥር ያህል፣ ሄዲዮን 10። ውጤቱ ሰንስክሪን። ሌላ ቃል የለውም፣ የመዋኛ ገንዳ ዳር ተቀምጦ የሚቀቡት ሰንስክሪን። እንጨቱ ጭራሽ አልታየም።

ይበርዳል ብዬ ጠበቅኩ። ኮኮናቱ ቶሎ በኖ ሲሄድ ሰንደሉ ይቀራል ብዬ አስቤ ነበር፣ ተሳስቻለሁ፣ ጋማ ኖናላክቶን ቀላል ነገር አይደለም፣ ወረቀቱ ላይ አምስት ቀን ሙሉ ሰንስክሪን ሆኖ ቆየ። ማለትም ኮኮናትን ከላይ እንደሚነሳ ሎሚ ምናምን አድርጎ ማሰብ አይቻልም፣ አንዴ ከበዛ እስከ መጨረሻ አብሮ ነው የሚሄደው።

ሌላው ጠብታ መቁጠር ራሱ ስህተት ነው። የአንዱ ፈሳሽ ጠብታ ከሌላው ጋር እኩል አይመዝንም፣ በዛ ላይ ፒፔቱ ሲለያይ ጠብታውም ይለያያል፣ ስለዚ ጥሩ ነገር ቢወጣልኝ እንኳ ልደግመው አልችልም። 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን አዘዝኩ፣ 19 ዶላር። ከዚህ በኋላ ሁሉም በግራም፣ ጠንካራ ጠንካራዎቹን ደግሞ አስቀድሜ በ10 ፐርሰንት በርዤ፣ ምክንያቱም ይሄ ሚዛን 0.02 ግራምን በትክክል አይዝልኝም፣ 0.20 ግን ይይዛል።

4ኛ ሳምንት፣ ቨርዥን 2

ኮኮናቱን ወደ አንድ አስረኛ አወረድኩት፣ ሰንደሉን ለመደገፍ ጃቫኖልና ኢባኖል ጨመርኩ። እነዚህ በላብራቶሪ የተሰሩ የሰንደል ሞለኪውሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የፈረንሳዩ ገርላን ሽቶ ሳምሳራ እንኳ ከእውነተኛው ሰንደል ጎን በላብራቶሪ የተሰራ ሰንደል ይዞ ነበር፣ ስለዚ ማፈሪያ አይደለም፣ እንዲያውም ዘይቱ ብቻውን ገላ ላይ በጣም ዝምተኛ ስለሚሆን የግድ ነው እላለሁ። ዘይቱ ሥጋው ነው፣ እነሱ ድምፁን ያወጡታል።

ረጭቼ 20 ደቂቃ አልሞላም ጠፋብኝ። ምንም። በንዴት ሁለተኛ ረጨሁ፣ ሦስተኛ ረጨሁ። እህቴ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ "ምን ደፋሽ? ኮሪደሩን ሁሉ ሞልቶታል እኮ" አለችኝ። ለካ ሽቶው አልጠፋም፣ አፍንጫዬ ነው የለመደው። የሰንደል ሞለኪውሎች ላይ ይሄ የታወቀ ነገር ነው፣ ደግሞም አንዳንዱ ሰው አንዱን ጭራሽ አይሸተውም፣ ሌላውን ግን አጥርቶ ይሸተዋል። የእህቴ ባል ጃቫኖሉን ብቻውን ወረቀት ላይ ሰጥቼው ባዶ ወረቀት ነው አለኝ፣ ኢባኖሉን ግን ወዲያው አገኘው። አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት አይነት ሰንደል ማስገባት ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያኔ ነው፣ አንዱን ያጣ ሰው ሌላውን እንዲያገኝ።

ስለዚ ደንብ አወጣሁ። ስንት ሰዓት ቆየ የሚለውን እኔ አልፈርድም፣ እህቴ ናት የምትፈርደው። እኔ ክንዴ ላይ ረጭቼ ሰዓቱን እጽፋለሁ፣ እሷ በመጣች ሰዓት ታሸታለች።

የቨርዥን 2 ጉድለት፦ አነሳሱ ባዶ ነው። ኮኮናቱም ሰንደሉም ዝግ ብለው የሚመጡ ስለሆኑ የመጀመሪያው 10 ደቂቃ አልኮልና ዝምታ ነው። ከላይ የሆነ ነገር ያስፈልገዋል። ከሎሚ ዘር የሆነውን ቤርጋሞት ሞከርኩ፣ ጎምዛዛው ከወተቱ ጋር ተጣላ፣ ወተት ላይ ሎሚ ስትጨምሪ እንደሚቋጠረው አይነት ስሜት ሰጠኝ።

5ኛና 6ኛ ሳምንት፣ ኮረሪማ

ሄል ከሰንደል ጋር እንደሚስማማ አንብቤ ነበር፣ ግን ቤት ያለኝ ኮረሪማ ነው። ፍሬዎቹን ፈልፍዬ ጥቁሮቹን ዘሮች ብቻ ሙቀጫ ውስጥ ገጨት ገጨት አደረግኳቸው፣ አልደቀቁም፣ ተሰነጣጠቁ ብቻ። 12 ግራም ዘር 60 ግራም የሽቶ አልኮል ውስጥ፣ የተዘጋ ጠርሙስ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ አንዴ መነቅነቅ።

መጀመሪያ የሰራሁትን ጣልኩት፣ ያኔ አድቅቄው ነበር፣ አልኮሉ ደፈረሰ፣ ሁለት ጊዜ በቡና ወረቀት ባጣራውም አልጠራም፣ ስፕሬዩን ደፈነው። አንድ ስፕሬይ ተበላሸ። ሁለተኛውን ግን ገጭቼ ብቻ ስለዘፈዘፍኩት ባንድ ማጣሪያ ጥርት አለ፣ ቀለሙ እንደ ስስ ሻይ።

ጠረኑ ከሄል ለየት ይላል፣ ሄል ስል ያለ ነው፣ ኮረሪማ ከላዩ ባህር ዛፍ የመሰለ ቀዝቃዛ ነገር አለው፣ ሥሩ ግን ሞቃት ነው፣ ደግሞ ኮረሪማ አፍንጫችን ውስጥ ከተነጠረ ቅቤ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው፣ የትም ብሸተው ቅቤውን አብሮ ይጠራዋል። ለዚህ ሽቶ ከዚህ የተሻለ መክፈቻ አላውቅም።

7ኛ ሳምንት፣ ቨርዥን 3

ኮረሪማው ገባ። ዴልታ ዴካላክቶንም ገባ፣ እስከዛሬ ከኮኮናቱ ጋር ይደራረባል ብዬ ፈርቼው ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው በሱ ነው። እስካሁን ኮኮናቱና እንጨቱ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ፣ አንዴ አንዱ አንዴ አንዱ እያወራ። ቅቤው ሲገባ መሃል ላይ ቆሞ አገናኛቸው። ኮኮናቱ የስብ ጠረን አለው፣ ሰንደሉም የወተት ጠረን አለው፣ የጎደላቸው ራሱ ወተቱ ነበር። ክሬሚ እንዲሆን ኮኮናት መጨመር አይደለም መፍትሄው፣ እንዲያውም ሌላ ሩብ ቀነስኩለት፣ እና የበለጠ ኮኮናት ሆነ፣ ያውም ሰንስክሪኑ ሳይሆን ቅርፊቱ ሲሰበር ነጩ ሥጋ የሚሸተው።

ቫኒሊኑን በዚህ ጊዜ ከፍ አድርጌው ነበር፣ 4 ፐርሰንት። ጣፋጭነቱ ስለተስማማኝ ብዙም አላሰብኩበትም።

9ኛ ሳምንት፣ ከፋሲካ ማግስት

ለፋሲካ ሌሊት ስወጣ ቨርዥን 3ን አንገቴ ላይ ረጨሁና እርጥብ እንዳለ ነጠላዬን ደረብኩ። ቤተክርስቲያን ውስጥ ዕጣኑ ላይ ሰንደሉ ሲቀላቀል፣ ምን ልበል፣ ደስ አለኝ፣ ዕጣኑ የሎሚና የሙጫ ስለት አለው፣ ሰንደሉ ያንን ያለዝበዋል፣ ሁለቱ ተቃቅፈው ነበር የቆሙት።

ከሦስት ቀን በኋላ ነጠላውን ላጥፈው ስዘረጋ ከጥለቱ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ሦስት ነጠብጣብ አየሁ፣ ጠርዛቸው ጠቆር ያለ፣ መሃላቸው ቢጫ፣ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። እናቴ የላከችልኝ ነጠላ ነው። በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና አልለቀቀም። በኦክስጅን ማንጪያ ዱቄት ሁለት ጊዜ ዘፍዝፌ ደበዘዘ፣ አሁንም ብርሃን ላይ ካየሁት አለ።

ቫኒሊን ነው። ቫኒሊን አየርና ብርሃን ሲያገኝ ይቢጫል፣ ከዛም ቡኒ ይሆናል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውም ሽቶ እኮ በሁለት ሳምንት ውስጥ እየጠቆረ ሄዶ ነበር፣ እኔ የኮረሪማው ቀለም መስሎኝ ዝም አልኩ። ወደፊት ነጭ ልብስ ላይ በጭራሽ፣ ገላ ላይ ረጭቶ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ቫኒሊኑንም መቀነስ።

10ኛ ሳምንት፣ ቨርዥን 4

ፎርሙላው ይሄ ነው፣ 10 ግራም ኮንሰንትሬት (ገና አልኮል ውስጥ ያልገባው ድብልቅ)፦ ሰንደል ዘይት 2.00፣ ጃቫኖል በ10 ፐርሰንቱ 0.40፣ ኢባኖል 0.60፣ ኢሶ ኢ ሱፐር 2.00፣ ኢቲሊን ብራሲሌት 2.20፣ ሄዲዮን 1.20፣ ጋማ ኖናላክቶን በ10 ፐርሰንቱ 0.80፣ ዴልታ ዴካላክቶን በ10 ፐርሰንቱ 0.50፣ ቫኒሊን በ10 ፐርሰንቱ 0.30። ማለትም ንጹህ ኮኮናቱ ከ100 እጅ 0.8 ብቻ ነው። ሰንስክሪን ከሆነው ጋር አይገናኝም።

ከዚህ 5 ግራም ወስጄ 20 ግራም አልኮል ውስጥ አደረግኩት፣ ከአልኮሉ 6 ግራሙ የኮረሪማው ዝፍዝፍ ነው። 30 ሚሊ ጠርሙስ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ሰንደሉ 2 ግራም ሲባል ቀላል ይመስላል፣ ግን የገዛሁት 5 ሚሊ ከበፊቶቹ ሙከራዎች ጋር አለቀ፣ ሌላ 38 ዶላር። ክርኔ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብቼ አንድ ቀን ጠበቅኩ፣ ቆዳዬ አልቀላም፣ አላሳከከኝም። ጠርሙሱ ቁም ሳጥን ገባ፣ አራት ሳምንት።

14ኛ ሳምንት፣ ግንቦት

ተከፈተ። አዲስ እንደተቀላቀለ የነበረው የአልኮል ስለት ሄዷል። ቀለሙ ስስ ሻይ ነው፣ እሱ ከኮረሪማው ነው፣ ከወር በፊትም እንዲሁ ነበር። ከእህቴ ጋር የያዝነው የሰዓት መዝገብ ይሄን ይመስላል።

ጠዋት 2፡00፣ ሁለት ርጭት ክንድ ላይ። ኮረሪማ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ንጹህ። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ከሥሩ ኮኮናቱ ብቅ ይላል፣ መጀመሪያ ውሃው ነው እንጂ ሥጋው አይደለም።

3፡00፣ በጣም የምወደው ሰዓት። ለብ ያለ ወተት፣ ስልባቦቱ ገና አልተነሳም። እንጨቱ ከታች አለ ግን እንጨት ብለሽ አትጠሪውም፣ ሙቀት ነው የሚመስለው። እህቴ "የሆነ ሰው ተቀብቶ አቅፎኝ የሄደ ይመስላል" አለች።

5፡30፣ ኮኮናቱ ዝቅ ብሏል፣ ሰንደሉ ፊት መጥቷል፣ የለጋ ቅቤው ጎምዘዝ ያለ ነገር እዚህ ጋ ይሰማል። አንዳንድ ሰው ይሄን ላይወደው ይችላል፣ እኔ ሽቶውን ከጣፋጭነት ያዳነው እሱ ነው እላለሁ።

9፡00፣ ገላ ላይ የተጠጋ፣ ክንድ ወደ አፍንጫ ካልተጠጋ አይሰማም። በማግስቱ ጠዋት ጥቁር ሻርፔ ላይ ንጹህ ሰንደል፣ ኮኮናት የለም።

ለብቻው ደረቅ ቆዳ ላይ 7 ሰዓት ያህል ነው የሚቆየው፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ተቀብቼ ስረጨው ወደ 8 ሄደ። ይሄ ክፍሉን ሞልቶ የሚገባ ሽቶ አይደለም፣ እንዲሆንም አልፈልግም።

ሐምሌ

እዚህ አሁን ወበቅ ነው፣ ከቤት ስትወጪ አየሩ እርጥብ ፎጣ ነው። ያው ሽቶ፣ ያው ሁለት ርጭት፣ ግን ኮኮናቱ ጨመረ። ሙቀቱና እርጥበቱ ኮኮናቱንና ቅቤውን አብሮ ያነሳቸዋል፣ እንጨቱ ግን በዛው ልክ አይነሳም፣ ስለዚ ሚዛኑ ይዛባል፣ ቀትር ላይ መኪና ውስጥ ትንሽ ከበደኝ። ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ እንደገና ተስተካከለ። ለእንዲህ ያለ ሙቀት አንድ ርጭት ብቻ፣ ከጉልበት ጀርባ፣ አንገት ላይ አይደለም፣ ያ ሰርቷል።

እዚህ ብርዱ ሲገባ ለሚሆነው ቨርዥን 5 እጀምራለሁ፣ ዴልታ ዴካላክቶኑ ከ0.50 ወደ 0.70፣ ኮኮናቱ ባለበት። ለእማዬ ደግሞ አልኮል የሌለው በዘይት የተሰራ 5 ሚሊ አዘጋጅቻለሁ፣ ሽታ በሌለው፣ የሚረጋው ክፍሉ ወጥቶለት ፈሳሽ ሆኖ በሚቀረው የኮኮናት ዘይት፣ ኮንሰንትሬቱ 15 ፐርሰንት። ኮረሪማው አልኮል ውስጥ ስለሆነ እዚህ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም፣ አነሳሱ የለውም፣ በቀጥታ ከወተቱ ነው የሚጀምረው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ነሐሴ ላይ ይዞላት ይሄዳል፣ ጠርሙሱን በሁለት ፕላስቲክ አሽጌ ላዩ ላይ "ነጠላ ላይ እንዳታደርጊው" ብዬ ጽፌበታለሁ።